ብሎኬቷና ሽማግሌዎቹ

ላፕቶፔን «ብሎኬት» ብሎ የሰየማት ዘአማኑኤል ነው፤ እህቴን ፍዮሪን ላግባ የሚለው ሰውዬ። እውነቱን ለመናገር ወፍራም ናት፣ ከባድም ናት። ግን ግራና ቀኝ ጎኗ በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ ፍላሹም፣ የፕሮጀክተሩ ገመድም፣ የካሜራ ካርዱም የየራሱ መግቢያ አለው። እኔ ኦሎምፒያ ሰፈር አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ነኝ። ደንበኛ ሥራውን ባገኘው ነገር ይዞ ይመጣል። «ይቅርታ፣ ላፕቶፔ ቀጭን ስለሆነች ሌላ ቀን ይመለሱ» ልበለው?

ዘአማኑኤል ካዛንቺስ ቢሮ ተቀምጦ ሶፍትዌር ይሠራል። የእሱ ላፕቶፕ እንደ ቂጣ የሳሳች፣ ሁለት ሚጢጢ ቀዳዳ ብቻ ያላት ናት። ካፌ በተገናኘን ቁጥር መነታረካችን አይቀርም።

«ወይንዬ፣ አሁን እኮ ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ ነው። ቀዳዳ ምን ያደርግልሻል? ማለቴ፣ የግድ ካስፈለገ አዳፕተር አለ፣ በቃ።»

«አዳፕተርህስ የት አለ?»

«ቢሮ።»

ሁልጊዜ ቢሮ ነው። ፍዮሪ መሃላችን ተቀምጣ ትስቃለች፤ እኔ ግን የምሬን እናደዳለሁ።

ሽማግሌ የላከ ጊዜ አባዬ ነገሩን አከበደው። ዘአማኑኤል አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ አቦይ ሃይለአብ። «ያሳደገው ሰው ሳይጠይቀኝ ልጄን አልሰጥም» አለ አባዬ። አቦይ ደግሞ ዓዲግራት ገጠር ናቸው፤ መንገድ የሚችል ጉልበት የላቸውም። ስልክ ይደወል ሲባል አባዬ ተቆጣ፤ ልጅ በስልክ አይጠየቅም፣ ፊታቸውን ማየት አለብኝ አለ። ኢንተርኔት እዚያ መንደር አይደርስም። በመጨረሻ ክርስትናና ሰርግ የሚያነሳ የሰፈሩ ካሜራማን አቦይን በቪዲዮ ቀርጾ፣ የካሜራውን ካርድ እንዳለ በመንገደኛ ላከው።

ካርዱ እሁድ ጠዋት ደረሰ፣ ሽማግሌዎቹም በዚያው ቀን ከሰዓት ቡልጋሪያ ሰፈር ቤታችን መጡ። አቶ አጽብሃና የመስቀል ፍላወሩ ባለሱቅ አቶ ዓብዱልዋሂድ ናቸው። ልጅ ሊጠየቅ ሲመጣ ሙሽራው አብሮ አይመጣምና ዘአማኑኤል ያቺን ቀጭን ላፕቶፑን ላካት። ሽማግሌዎቹ በሩ አጠገብ ቆሙ። ልማዱ ነው፤ እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም።

«በሉ፣ አቦይን አሳዩኝ» አለ አባዬ።

አቶ አጽብሃ በአንድ እጃቸው ካርዱን፣ በሌላው ላፕቶፗን ይዘው ያገላብጡ ጀመር። በግራ ሞከሩ፣ በቀኝ ሞከሩ፣ ገልብጠው ሆዷን አዩ። ለካ ካርዱና ላፕቶፗ ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም። የአባዬ ቴሌቪዥን ለዚያ ካርድ ቦታ የለውም፣ ስልኮቻችንም የላቸውም። አቶ ዓብዱልዋሂድ ዘአማኑኤል ጋ ደወሉ።

«አዳፕተር ያስፈልጋል ይላል። ቢሮ ነው ያለው አለ፣ እየሮጠ ነው» አሉ አፍረው።

አባዬ ተነፈሰ። «ጾሙ ሊገባ ነው። እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ።»

ከጓዳው በር ጀርባ የፍዮሪ ሲቃ ተሰማኝ። አልዋሽም፣ ለአንድ አፍታ «እሰይ፣ የታለ ክላውድህ!» ብያለሁ በሆዴ። የእህቴን ድምፅ ስሰማ ግን ብድግ አልኩ። መኝታ ቤት ገብቼ ብሎኬቷን ታቅፌ መጣሁ።

«አቶ አጽብሃ፣ ካርዱን ከመስጠትዎ በፊት በልጁ ስም አንድ ቃል ይግቡልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይቺን ላፕቶፕ ‹እሜቴ› ብሎ ይጥራት።»

«ወይኒ!» አለ አባዬ።

«ቃል ገብተናል» አሉ አቶ ዓብዱልዋሂድ፣ ፈጠን ብለው። «እኔ ራሴ እሜቴ እላታለሁ።»

ካርዱ በጎኗ ሰተት ብሎ ገባ።

አቦይ ሃይለአብ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በዱላቸው ተደግፈው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። አባዬን በስሙ ጠርተው በትግርኛ ተናገሩ። «ልጄ ግርማይ፣ ዘአማኑኤልን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ልጅህን ለልጄ ስጠኝ። እዚያ መጥቼ በርህ ላይ መቆም ነበረብኝ፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እዚሁ እቆማለሁ። እሺ ካላልከኝ አልቀመጥም።»

ብለው ዝም አሉ። ቪዲዮው ግን አላለቀም። አቦይ እኛን ትክ ብለው እያዩ ቆመዋል። ዶሮ ጮኸ። ዱላዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች።

«አቦይ፣ ጨረሱ?» አለ ካሜራማኑ በሹክሹክታ።

«ዝም በል። መልሱን ልጠብቅ።»

አቶ አጽብሃ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አባዬ መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥሎ ወደ ላፕቶፗ ተጠጋ። የአቦይ ጉልበት ሸብረክ ሲል ግን አልቻለም፤ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጮኸ።

«ኮፍ በሉ አቦይ! ይቀመጡ እባክዎ! ሰጥቻለሁ! ልጄን ሰጥቻለሁ!»

የካሜራማኑ እጅ ከጎን በርጩማ አቀረበ። አቦይ ቀስ ብለው ተቀመጡና «እፎይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ።

«ሰሙት እኮ!» አሉ አቶ ዓብዱልዋሂድ፣ እሳቸውም ሶፋው ላይ ዘፍ እያሉ። ከጓዳ እልልታ ቀለጠ። ሙሽሪት ለራሷ እልል ስትል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ወደ በሩ ስወጣ ዘአማኑኤል በላብ ተጠምቆ፣ አዳፕተሩን ጨብጦ ደጅ ቆሟል። መግባት አይፈቀድለትም።

«ከፋሲካ በኋላ አሉ አይደል?» አለኝ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ።

 ተመልሼ ብሎኬቷን አወጣሁና ክንዴ ላይ ዘርግቼ ቪዲዮውን ከፈትኩለት። አያቱን ካየ ብዙ ጊዜው ነው። «እሺ ካላልከኝ አልቀመጥም» ሲሉ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ዝም ብለው ሲቆሙ አብሯቸው ቆመ። በርጩማው ሲመጣላቸው እየሳቀ እንባው ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

«እንደገና አሳዪኝ» አለ።

እንደገና ከፈትኩለት። ክንዴ መዛል ጀምሯል።

«እሜቴ ከባድ ናት» አለኝ። ለካ የአቶ ዓብዱልዋሂድ ስልክ ካርዱ እስኪገባ ድረስ አልተዘጋም፤ ፋሲካውንም ቃሉንም ሰምቷል። «አምጪ፣ እኔ ልያዛት።»

ሰጠሁት።