የኦቦ ሌንጂሳ ሙቅ ወለል

የጊንጪ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ኦቦ ሌንጂሳ ግን ከአምና ጀምሮ ቤታቸው ውስጥ በባዶ እግራቸው ነው የሚንጎራደዱት። ከሴራሚኩ ስር በተዘረጋ ቧንቧ ሙቅ ውሃ ይዞራላቸዋል። ቧንቧውን የዘረጋው ጋሮማ ነው፤ ቱርክ አገር ሠርቶ የተመለሰ የአምቦ ልጅ። ሲዘረጋ የቤቱን ልጅ ሃዋኒን ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። ቅዳሜ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆርጧል።

ዓርብ ጠዋት ሃዋኒ ደወለችለት።

"ጋሮማ፣ ወለሉ በረዶ ሆኗል! ሆዱም ይጮሃል።"

"የማን ሆድ?"

"የወለሉ ነዋ! አባዬ ደግሞ 'ወለል ማሞቅ ያቃተው ትዳር ሊያሞቅ ነው?' እያለ ነው። በዚህ አመካኝቶ ሽማግሌዎቹን እንዳይመልሳቸው ፈራሁ።"

ጋሮማ ከአምቦ ጊንጪ እንዴት እንደደረሰ እሱም አያውቀውም።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ?" ሲል እንዴት እንዳደሩ ጠየቃቸው።

"ምን እናድራለን፣ በረደን እንጂ!" አሉ ኦቦ ሌንጂሳ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ካልሲ ደርበው አጥልቀዋል።

ጋሮማ ማሞቂያውን ዳሰሰ፤ ይሞቃል። ፓምፑም ይሠራል። ቧንቧው ግን ከውስጥ ጉርርር ይላል። አየር ገብቶበታል ማለት ነው፤ አየር በዘጋው ቧንቧ ደግሞ ውሃ አያልፍም። የአየር ማስወጫዋን ሲፈታት ትሽሽ አለችና ዝም አለች። ዘጋት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጉርርር። እንደገና ፈታ። የሚያፈስ ቦታ ቢፈልግ፣ ቢፈልግ የለም። ታዲያ ይሄ ሁሉ አየር ከየት ይመጣል?

ከማስወጫዋ የተንጠባጠበውን ውሃ በጣቱ ነክቶ ቀመሰው። ምላሱን ቆነጠጠው።

የአምቦ ሰው ይህን ጣዕም አይስተውም። ኦቦ ሌንጂሳ ከአገራቸው ምንጭ ጋዝ ያለውን ውሃ በጄሪካን እያስመጡ ለሆዳቸውም፣ ለጉልበታቸውም፣ ለላማቸውም ይሰጣሉ። ሰሞኑን የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ፣ ለሰው የበጀ ለወለል ምን ይለዋል ብለው የጎደለውን በሱ ሞልተውታል። ውሃው በሞቀ ቁጥር ጋዙ ይወጣል፤ ቧንቧውን ይዘጋል። ጋሮማ ቀና ሲል ኦቦ ሌንጂሳ ጣሪያውን ያያሉ፤ ጆሯቸውን ያካሉ።

"እና ጥፋቱ የማን ነው?" አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋንቱ፣ ወገባቸውን ይዘው።

እውነቱን ቢናገር ነፃ ይወጣል። ግን አባት በሚስቱና በልጁ ፊት? አንጀቱ አልቻለም።

"የኔ ነው፣ እማማ። በደንብ ያላጠበቅሁት ነገር ነበር።"

የሃዋኒ ፊት ሲጠቁር አየ። ቢሆንም ያንን ውሃ አንድ ሳያስቀር አፍስሶ፣ ከጎረቤት ጉድጓድ ቀድቶ ሞላ፣ አየሩን አስወጣ። ሲመሽ ወለሉ ሞቀ፤ ኦቦ ሌንጂሳ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ጋሮማ ከመንገዱ ማዶ ጭማቂ ቤት ተቀምጧል፤ ሃዋኒ ስልኳን ከፍታ ሶፋው ስር ስለደበቀችለት ሁሉንም ይሰማል። ልማዱ ነው፤ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፣ የሴት ልጅ አባትም ለመጀመሪያ ቀን "ሌላ ጊዜ ኑ" ብሎ ይሸኛል። የዛሬው መሸኛ ግን የመጨረሻ እንዳይሆን ጋሮማ ፈርቷል።

"ኦቦ ሌንጂሳ፣" አሉ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ኦቦ ዋቆ፣ "ልጃችን ወለልዎን አበላሽቷል አሉ። አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን።"

ጋሮማ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው።

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣" አሉ ኦቦ ሌንጂሳ። "የምንጩን ውሃ የጨመርኩት እኔ። ልጁ ቀምሶ አወቀብኝ፤ ማወቁንም አየሁ። ግን በልጄ ፊት አላዋረደኝም።"

"አንተ ነህ እንዴ?!" ብለው ጮኹ ወይዘሮ ፋንቱ።

"እኔ ነኝ አልኩ እኮ! የሰው ገመና ሸፋኝ ደጄ ድረስ መጥቶልኝ፣ ልማድ ነው ብዬ ሌላ ጊዜ ኑ አልልም። በሉ፣ ቁጭ በሉ።"

ወንበሮች ሲሳቡ ተሰማ። ጭማቂ ቤት ያሉት ሰዎች አንድ ጎልማሳ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ እየሳቀ ሲያለቅስ አዩ።