ሲጠብቅና ሲላላ

አራሚው የተደገመ ቃል ሲያይ እጁን ይበላዋል። ለመጽሔቱ የመጣውን ግጥም እንዳየም ቀይ እስክሪብቶውን አነሳ።

በር ላይ አለ
ወንበር ላይ አለ
አለ አለ አለ አለ
ምንም አላለ

ሦስቱን «አለ» ሰረዛቸው።

«ጋሼ፣ የኔ ስህተት አይደለም» አለች ታይፒስቷ፤ «ዋናውም እንደዚያው ነው።»

ዋናውን አቀበለችው። የግጥሙ ባለቤት ስም የለም። ወረቀቱ ግን የልብስ ሰፊ የልክ መያዣ ነው፤ «ትከሻ፣ ወገብ፣ እጅጌ» የሚል ታትሞበታል። ጽሕፈቱ የሚስቱ ነው። ፊቱ ልውጥ አለ።

«እዚህ ጋ ‹አለ› ምን ማለት ነው?»

«ተናገረ ነዋ! አላልተው ያንብቡት።»

«ወንበር ላይ ተናገረ ይባላል እንዴ?»

«ዘመናዊ ግጥም አይደል፣ ምን የማይባል አለ!»

አልሳቀም። አጥብቆ አነበበው፤ ሰውየው ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። አላልቶ አነበበው፤ ሰውየው ያወራል። ቢጠብቅም ቢላላም ወንድ ነው። ደግሞ ምንም የማይል፣ ምስጢር የሚያውቅ ወንድ።

እቤት ሲገባ ሚስቱ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች። መስቀያውን አየ፤ የሱ ኮት ብቻ ነው። ብርጭቆዎቹን ቆጠረ። ከዚያ እንደ ወትሮው በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ተቀመጠና በቀይ ያረመውን የታይፕ ቅጂ ዘረጋላት።

«አንብቢልኝ።»

ሚስቱ ከአፏ መርፌዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። «ጉድ! ዛሬ ደግሞ አፍ አወጣህ?»

«አንብቢ ነው ያልኩሽ።»

አነበበችው። ሁሉንም «አለ» አጠበቀቻቸው፤ አራቱን ደጋግማ፣ በጣም ቀስ ብላ። «ምንም አላለ» ላይ ስትደርስ ዓይኗን ከወረቀቱ አንስታ አየችው።

«ማነው እሱ?»

«ማን ይሆናል! የተቀመጥክበትን አታይም?»

ወንበሩን አየ። ጉልበቱ ላይ እንደ ሁልጊዜው ጋዜጣው ተጣጥፎ ተቀምጧል። መቼ እንዳነሳው እንኳ አያውቅም።

«ገብተህ ትቀመጣለህ፣ በልተህ ትተኛለህ» አለች። «አለ ወይ ቢሉኝ፣ አለ። የሰረዝካቸውን መልስልኝ።»

እስክሪብቶውን አወጣ። በተሰረዙት ቃላት ሥር ነጠብጣብ አስቀመጠ፤ ኅዳጉ ላይ «ይቆይ» ብሎ ጻፈ። እሷ ወደ መኪናዋ ዞራ መስፋት ጀምራ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንኩት?» አለ።

የመኪናው ድምፅ ቆመ።