አቀንጭራ የሚያጠፋው ሌዘር

ምትኩ ቆቦ ላይ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ከዕውቀቴ ምላሴ ይፈጥናል። ዘንድሮ ለዶክትሬት ተቀበሉት። የቀረው ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የትምህርት ፈቃድ ብቻ ነበር፤ እስከ ዓርብ ካላገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ኃላፊው አቶ ተዋቸው አስጠሩት፤ እኔም አጃቢ ሆኜ ገባሁ።

«ርዕስህ ምንድን ነው?»

ምስኪኑ እውነቱን ተናገረ። በወርቅ ቅንጣትና በወርቅ ገጽ መካከል በዓይን የማይታይ ጠባብ ክፍተት አለ። ተራ ሌዘር ከላይ ቢወርድበት አብዛኛው ተመልሶ ይበተናል፤ የብርሃኑ ንዝረት ወደ ጎን ነው፣ ክፍተቱ ደግሞ የሚቀበለው ሽቅብና ቁልቁል የሚነዝረውን ነው። ብርሃኑን እንደ ቀለበት ቀርጸው፣ ንዝረቱን ከመሃል ወደ ዳር አድርገው ወደ አንዲት ነጥብ ሲያሰባስቡት ግን ክፍተቱ የሚፈልገውን አቅጣጫ ይይዝና ይገባል።

«ስንት አርሶ አደር ተጠቃሚ ያደርጋል?»

«ለጊዜው... ማንንም።»

«በል ሂድና አስብበት።»

እዚያ ቢሮ የጡረታ ማመልከቻ እንኳ የተጠቃሚ ቁጥር ካልተሞላበት አይነበብም።

ስንወጣ ተቆጣሁት። «ብርሃን ስለመቅረጽ ሁለት ዓመት አጥንተህ አንድ ማመልከቻ መቅረጽ አቃተህ? ማሽላውን የሚፈጀው አረም ምንድን ነው? አቀንጭራ! በል ጻፍ፤ ሌዘሩ አቀንጭራን ገና በዘሩ ያጠፋዋል።»

«ውሸት ነው እኮ፣ ፍሬዓለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እስኪጠራ ዓርብ ያልፋል! ደግሞ ውሸት አይደለም፣ ዕቅድ ነው።»

እየቀፈፈው ጻፈ። ከሮቢት እስከ ዋጃ ሃያ ሺህ አርሶ አደር በል አልኩት። ክብ ቁጥር ያስነቃል ብሎ ሃያ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት አደረገው። ሳይንቲስትነቱ ያኔ ጠቀመ።

በዚያ ቢሮ እንዲህ የሮጠ ወረቀት አይቼ አላውቅም። ጸሐፊዋ ኡሙልኸይር «ማሻ አላህ መምህር፣ የአባቴን ማሳ አስቀድምልኝ፤ ሁለት ዓመት ምንም አላፈሰ» አለችው። ምትኩ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እኔም አፈርኩ።

ዓርብ ደብዳቤው ወጣ፤ ማኅተምም ፊርማም አለው።

«ፕሮጀክቱ ለአካባቢያችን ካለው ከፍተኛ ጠቀሜታ አንጻር የትምህርት ፈቃዱን መስጠት ያልተቻለ ሲሆን፣ መምህር ምትኩ የአቀንጭራ ማጥፊያ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ ሆነው ከዛሬ ጀምሮ ተመድበዋል።»

ሁለቴ አንብቦ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። ቢሰድበኝ በወደድኩ።

አቶ ተዋቸው በበሩ ብቅ አሉ።

«አንቺም አባል ነሽ» አሉኝ።