የአደባባይዋ ሴት ፊት

ከሚሴ አደባባይ ላይ በቆመችው የሲሚንቶ ሴት ሥር ሆኖ ቀና ያለ ሰው የሚያየው አገጯንና የተሸከመችውን የቅቤ ቅል ብቻ ነው። ፊቷን ለማየት ወይ ፎቅ መውጣት፣ ወይ የነጂብን ካሜራ መለመን ያስፈልጋል።

ነጂብ ፎቶ አንሺ ነው። ሙሽሮችንና ለዒድ የለበሱ ልጆችን ከሴትየዋ ሥር አቁሞ ያነሳል፤ የሚተዳደረውም በዚሁ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ሌንሱን አቅርቦ ፊቷን ብቻ ያነሳና፣ ቤቱ ሲገባ ለትንሿ ልጁ ለሙና በካሜራው መስኮት ያሳያታል። አሳትሞ ግድግዳ ላይ መስቀል ግን ይፈራል፤ ጎረቤት አይቶ ለሼህ ሙሀመድኑር ይነግርብኛል ብሎ።

ፊቱ የሚስቱ የሰዒዳ ነዋ!

ሰዒዳ በሕይወት ሳለች ቀራፂው አብዱልጀሊል «ለአንድ ጉዳይ ነው፣ ወንድሜ፤ እመልሰዋለሁ» ብሎ ፎቶዋን ከነጂብ ሱቅ ወስዶ ነበር። አልመለሰውም። ሰዒዳ ሙናን ወልዳ በአራስነቷ ሞተች፤ ሱቁም ከቀሩት ፎቶዎቿ ሁሉ ጋር በኤሌክትሪክ እሳት ነደደ። ሐውልቱ ሲመረቅ መጋረጃው ወረደና ነጂብ ሚስቱን ከሰው ሁሉ በላይ ቆማ አያት።

ሽማግሌዎቹ ግን ደስ አላላቸውም። «የሰው ምስል ማቆሙ ሳያንስ፣ የሙት ሴት ከሆነችማ ነገ ጠዋት ትፈርሳለች» አሉ ሼህ ሙሀመድኑር። አብዱልጀሊል «ፊቷ የማንም አይደለም፣ ከሐሳቤ ያወጣኋት ናት፣ ወላሂ!» ብሎ ማለ። ሼሁ ወደ ነጂብ ዞሩ።

«ሚስትህን ትመስላለች ይላሉ። አንተስ?»

«የለም ሼሂ፣ አትመስልም» አለ ነጂብ። በዚያች ቃል ሐውልቷ ቆመች።

ዘንድሮ አብዱልጀሊል ከአዲስ አበባ ተመለሰና ለእህቱ ልጅ ከአደባባዩ ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ከፈተለት። ከዚያም ለነጂብ፣ «ሴትየዋ የእጄ ሥራ ናት። ያለ እኔ ፈቃድ አንስቶ መሸጥ ክልክል ነው፤ ላንተ ደግሞ አልፈቅድም» ብሎ ላከበት። ወሬው ባጃጅ ነጂዎቹ ጋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀም።

«ነጂቦ! እኔን አንሳኝ፣ እኔ ባለቤት የለኝም!»

ነጂብ ማንሳቱን አልተወም። ስለዚህ ነገሩ ሼህ ሙሀመድኑር ቤት ገባ።

ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው ተቀመጡ። አብዱልጀሊል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ግጥም የጻፈ ሰው ግጥሙ የራሱ ነው። ሐውልት የሠራም እንደዚያው፤ ሕግ አለው። አደባባይ ስለቆመች የመንገድ ድንጋይ መሰለችው እንዴ? ነገደባት እኮ!»

«አንተስ ፊቷን ከየት አመጣኸው?» አለ ነጂብ። «ካነሳሁት ፎቶ አይደለም? ስትቀርጸው አስፈቅደኸኛል?»

ሼሁ የያዙትን ቅጠል አስቀመጡት።

«ነጂብ፣ ያን ጊዜ አትመስልም ብለኸን አልነበር?»

«ብያለሁ፣ ሼሂ።»

«ታዲያ የዋሸኸን ያኔ ነው ወይስ ዛሬ?»

አብዱልጀሊል ፈገግ አለ። «ያኔ ነው ይበላ! ነገውኑ ትፍረስ። እኔ እንደሆንኩ ሌላ እሠራለሁ።»

ነጂብ ወዲያ ዞሮ ወዲህ አየ። እሷ ናት ካለ በመዶሻ ያፈርሷታል፤ አይደለችም ካለ የሚከራከርበት የለውም። እያንዳንዱ ሽማግሌ ሰዒዳን ያውቃታል፤ ሠርጓ ላይ በልተዋል። ቀና ብሎ ያየው ግን አልነበረም።

«ዛሬ ነው የዋሸሁት» አለ።

ሳቁበት። «ወትሮም የፎቶ ሰው ምኑ ይታመናል፤ ጥቁሩን ቀይ አድርጎ አይደል የሚያወጣው!» አለ አንዱ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ከእንግዲህ እንዳያነሳት፤ ያነሳትንም እዚሁ በፊታቸው እንዲያጠፋ። አብዱልጀሊል ከጎኑ ተጠግቶ ተቀመጠና የካሜራውን መስኮት ይመለከት ጀመር።

ዓይኗን የጨፈነች ሙሽራ መጣች። «አጥፋ።» ከረሜላ አፋቸው የሞላ የዒድ ልጆች መጡ። «አጥፋ።» በመጨረሻ ፊቷ ብቻዋን መጣች፤ ግራ ጉንጯ ላይ የጠዋት ፀሐይ አርፎባታል።

«ይቺ ለሽያጭ አይደለችም» አለ ነጂብ። «ለልጄ ናት።»

«ልጅህ ምን አገባት? እናቷን አትመስልም ብለሃል እኮ።» ከዚያ አብዱልጀሊል ሌላ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ወይስ ሚስትህ ናት? ንገራቸዋ!»

ነጂብ ቁልፉን ተጫነ። መስኮቱ ጠቆረ።

«በሉ እንግዲህ አፉ፣ ይቅር ተባባሉ» አሉ ሼሁ። «ቂም ተይዞ ዱዓ የለም።»

«አፉ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ» አለ አብዱልጀሊል ፈጥኖ። ሁሉም ወደ ነጂብ ዞሩ።

«እኔ አላልኩም።»

«ተው ነጂብ! አሁንስ አበዛኸው!»

«ፎቶውን ሰጠሁ፣ ፊቷንም ሰጠሁ። ይቅርታዬን ግን አልሰጥም።»

ሼሁ ፊታቸውን አዞሩ። «እንግዲያው ይውጣልን። ሠርጋችሁ ላይም አትጥሩት።» ነጂብ ወጥቶ በሩን ሳይዘጋው ከኋላው ዱዓው ተጀመረ። «አሚን» ሲሉ ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የአብዱልጀሊል ድምፅ ነበር።

ሙና ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀው ነበር። «አባ፣ እማን አሳየኝ።»

ካሜራውን ከጀርባው ደበቀ፤ ከዚያ እጇን ይዞ ወደ አደባባዩ ወሰዳት። ሥሯ ሲደርሱ አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀመጣት። ከማዶ የአብዱልጀሊል እህት ልጅ ከፎቶ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ያያቸዋል።

«ታየችሽ?»

«አልታየችኝም፤ አገጯ ብቻ ነው። ትንሽ ከፍ አድርገኝ፣ አባ።»

ነጂብ በእግሩ ጣቶች ቆመ።

«ትንሽ» አለችው።

ከዚያ በላይ ከፍ የሚያደርግበት ቁመት አልነበረውም።