የአሮን አራት ሰከንድ

«ደረስን በሉ!» የምትሉ ሁሉ፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ። ባንክ ቤት ኔትወርክ ሲጠፋ ትላላችሁ። የነዳጅ ሰልፍ ላይ ትላላችሁ። ተመራቂው ተማሪ ከመመረቂያ ጽሑፉ ርዕሱን ብቻ ጽፎ «ደረስን በሉ!» ይላል። ድምፁን ከስልካችሁ ለቃችሁ ትንከተከታላችሁ። ያ ድምፅ የወንድሜ የአሮን ነው። የለጠፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሰብለ፣ ወላይታ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ።

አሮን ለደቡብ አፍሪካ ሲነሳ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። እናታችን ቦሼ ከገሱባ መጥታ አልቅሳ ሸኘችው። በአምስተኛው ቀን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ፤ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። የፈተና ሰሞን ነው፣ ሱቁ ጢም ብሏል፣ አስተማሪዎች ወረቀት ይዘው ይጨቀጭቁኛል። ከፈትኩት። ሞያሌ ሳይደርሱ መኪናቸው ተበላሽቶ እየገፉ ነው። አሮን እያለከለከ «ወንድሞቼ፣ ጆበርግ... ደረስን በሉ!» ይላል፤ አብረውት የሚገፉት የሀዲያና የከምባታ ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔም ሳቅኩ፣ አስተማሪዎቹም ሳቁ። «ኧረ ድገሚው!» አሉኝ፣ ደገምኩት። ለእሱም ቶሎ ብዬ መለስኩለት። ቀሪውን ማታ እሰማዋለሁ ብዬ አራቷን ሰከንድ ቆርጬ ቲክቶክ ላይ ለጠፍኩ።

ማታ አልሰማሁትም። ማታማ ስንት ሰው እንዳየው ሳይ አመሸሁ! በማግስቱም እንደዚያው።

የጎረቤቴ የጅምላ ነጋዴው የጀማለዲን ልጅ ዱንያ ድምፁን ወስዳ፣ አልነቃነቅ ያላትን የስኳር ኩንታል ስትገፋ ተቀረጸችበት። በሁለተኛው ቀን የቤሌ መስመር አውቶቡስ ረዳቶች ጎማ ሲፈነዳባቸው ይሉት ጀመር። በሳምንቱ ሐዋሳ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ገባ። ባጃጅ ሾፌሮች ድምፁን በስፒከራቸው ይለቁት ጀመር፣ ለኋላ መስታወታቸውም ስቲከር ፈለጉ፤ ማን ያተመላቸው ይመስላችኋል? እኔው ነኛ፣ በቀይ ፊደል! ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ማይኩ እምቢ ያለው የመዘምራን መሪ «ደረስን በሉ!» ብሎ ጉባኤውን አሳቀ። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አብሮት የተጓዘ አንድ የሀዲያ ልጅ ደወለልኝ። ታንዛኒያ ውስጥ የተደበቁበት የጭነት መኪና ሲከፈት አሮን አልተነሳም። «አየር አልነበረም እኮ፣ እህቴ» አለኝ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ በሱቄ በር አንድ ባጃጅ አለፈ፤ አሮን ከውስጡ «ደረስን በሉ!» አለኝ። የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ቀሪውን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ቀልዱ ለጓደኞቹ ነበር፣ በአማርኛ። ከዚያ ወዲያ ያለው በወላይትኛ ነው፤ ራቅ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ ብቻ። «ሰብልዬ፣ ፈርቻለሁ። ሰዎቹ ደግ አይደሉም። እስከ እሁድ ሞያሌ እንቆያለን። ልመለስ ወይ? ተመለስ ካልሽኝ እመለሳለሁ። አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው።»

ይህን እናቴ መቼም አትሰማውም ብዬ ማልኩ።

በማለዳ አቶ ቦልቴንና ሌሎች ሽማግሌዎችን ይዤ ገሱባ ሄድኩ፣ መርዶው ተነገራት። ድንኳን ተጣለ። አስከሬን ግን የለም፤ አስከሬን የሌለው ለቅሶ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ቀን ላይ መንገደኛ ባጃጅ በድንኳኑ ጎን ሲያልፍ አሮን ጮክ ብሎ «ደረስን በሉ!» አለ። እናቴ ነጠላዋን ጥላ ወደ መንገዱ ሮጠች። «መጣ! ድምፁ ነው፣ ልጄ ደረሰ!» አቶ ቦልቴ ትከሻዋን ይዘው መለሷት፤ አቧራው እስኪጠፋ ድረስ አንገቷን አዙራ ታይ ነበር።

ቪዲዮውን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው! ሺህ ሰው ዘንድ አለ። አንዱን ሾፌር «እባክህ ስቲከሩን ላጠው» ብዬ ለመንኩት፤ «ደረስን በሉ!» ብሎኝ እየሳቀ ሄደ። በጥፊ ብለው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ያተምኩት እኔ ነኝ።

ከለቅሶው በኋላ እናቴን ብቻዋን አልተዋትም ብዬ ሶዶ አመጣኋት። ሞኝነቴ! እዚህማ አሮን በየመንገዱ አለ። በጮኸ ቁጥር ቀና ትላለች፣ ከዚያ ታቀረቅራለች። አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ ጠየቀችኝ።

«ይህን ድምፅ ከየት ነው የሚያመጡት?»

መዋሸት አቃተኝ። «ከእኔ ነው። ለእኔ ልኮልኝ ነው» አልኳትና አራቷን ሰከንድ አሰማኋት።

«ሌላስ?»

«ይኸው ነው፣ እማ።»

«ውሸታም!» አለችኝ። «ልጄ በአማርኛ ብቻ ቀልዶ ዝም አይልም። ለእኛ በአፋችን የሚለው አለው። አሰሚኝ።»

እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን ሳይ ግን አልቻልኩም፤ ስልኩን መዳፏ ላይ አኑሬ ተጫንኩትና እጄን ሰበሰብኩ። ሳቁ አለፈ፣ የእግር ኮቴ ተሰማ፣ ከዚያ ሹክሹክታው መጣ። «ልመለስ ወይ?» ሲል እናቴ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ና» አለችው በወላይትኛ። «ና ልጄ። ማን ከለከለህ? ና።»

ድምፁ አለቀ። ስልኩን ጭኗ ላይ አኖረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ ምን ብለሽ መለስሽለት?»

አልሰማሁትም ነበር፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር ልላት ፈለግኩ። ግን ከድምፁ በታች ያለውን የእኔን መልስ በጣቴ አሳየኋት። አሮን እንዳነበበው የሚናገሩት ሁለቱ የ«ራይት» ምልክቶች ከጎኑ አሉ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህ ግን ፊደል አያስፈልገውም። ሦስት ቢጫ ፊቶች ናቸው፣ እንባቸው እስኪፈስ የሚስቁ።