ስድስተኛው ቀን

በሶንግዶ ከተማ ከአይጥ ህዋስ ጋር የሚነጋገር ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዙ የህዋስ ማርቢያ የብረት ጋኖች ጠብቄያለሁ። ከእኔ በፊት ህዋሳቱ ለካንሰር መድኃኒት የሚሆነውን ፀረ እንግዳ አካል በማንኪያ ነበር የሚሰጡት፤ እኔ ስመጣ በባልዲ ሆነ። ዘንድሮ ግን ይህን ስናገር አፌ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

አለቆቹ ቁርጡን ነገሩን፤ በዚህ ዙር ከአንድ ሊትር አምስት ግራም ካልወጣ የማምረቻ መስመሩ ይዘጋል፣ ስምንታችንም እንበተናለን። የክፍላችን ተመራማሪ ዶክተር ኦክ ናሪ መላ አመጣች፤ ህዋሳቱን በአራተኛው ቀን ከሰላሳ ሰባት ወደ ሰላሳ ሦስት ዲግሪ ማውረድ። ሲበርዳቸው መራባቱን ትተው መድኃኒቱን ያመርታሉ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ግቢ ውስጥ እንደ አገራችን ልማድ ዙሩ እንዲቀናን የአሳማ ጭንቅላት ተቀምጦ ይሰገድ ነበር። ስግደቱ እንዳያመልጠኝ መዝገቡ ላይ «ሙቀት ወርዷል» በሚለው ቦታ ቀድሜ ፈረምኩና ወጣሁ። ስመለስ የገዛ ፊርማዬን አይቼ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ሙቀቱን እንዳላወረድኩ ትዝ ያለኝ በስድስተኛው ቀን ነው። ለማንም ሳልናገር አወረድኩት።

በአሥራ አራተኛው ቀን ተለካ፤ ስድስት ነጥብ ሁለት ግራም።

«ጋሼ ማ!» አለ የሥራ ባልደረባዬ ታክሱ ጀርባዬን መታ አድርጎ። «ምነው ዝም አሉ? ጡት ያጠባኋቸው እኔ ነኝ አይሉም?»

ዶክተር ኦክ ለቀጣዩ ጋን «በአራተኛው ቀን» ብላ ስትጽፍ አየኋት።

«ያወረድኩት በስድስተኛው ነው» አልኳት። «ፊርማው ውሸት ነው።»

ሁለቱም ሳቁ።

«አሁን ደግሞ ዘዴውንም ሊወስዱብኝ ነው፣ ጋሼ?» አለች።

ማሽኑ ራሱ የመዘገበውን ሙቀት ከፈትኩላት። የሙቀቱ መስመር እስከ ስድስተኛው ቀን ቀጥ ብሎ ሄዶ ያኔ ቁልቁል ወረደ። ሳቋ ቆመ።

የሐሰት ፊርማ ያለበት መድኃኒት ለበሽተኛ አይሰጥም። ሁለት ሺህ ሊትሩ ሲደፋ ቆሜ አየሁ፤ ምንም አልተሰማኝም። እኔ ወደ መጋዘን ተዛወርኩ።

ቀጣዩን ጋን በስድስተኛው ቀን አበረዱት። ስድስት ነጥብ ሦስት ሰጠ፤ የማምረቻ መስመሩ ተረፈ። ታክሱ ምሳ ላይ ነገረኝ።

«እኔ ብሆን በሰባተኛው ነበር የማበርደው» አልኩት። «ሰባት ግራም!»

«ተመስገን፣ ጋሼ ማ ተመለሱ!» ብሎ ሳቀ።

ሾርባዬ ቀዝቅዞ ነበር። ጠጣሁት።