ልጆቹ ብቻ

ኢህሳን በቀላሉ የምትፈራ ሴት አልነበረችም። መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው ሌባ አይፈራም፣ ግርግር አይፈራም፣ የቀበሌ ሊቀመንበር ሲጮህበትም ዝም ብሎ አይሰማም። አሜሪካ መጥታ አውሮራ የምትባል ከተማ ከገባች ወዲህ ግን አንድ ፍርሃት ሆዷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏታል። ልጆቼን ይወስዱብኛል ብላ ትፈራለች። ማን እንደሚወስዳቸው በስም አታውቅም፤ «እነሱ» ነው የምትለው።

ፍርሃቱን ያመጣው ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ እንደ ልብ ነው፤ ሥጋ ቤት ብትገባ አለ፣ አስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ብትወጣ አለ። ልጇን በጥፊ ያለች ሴት ልጇን አጣች። ልጁን መኪና ውስጥ ትቶ ዳቦ ሊገዛ የገባ ሰው ሲወጣ ልጁም የለም፣ መኪናውም የለም። ሊትልተን የሚባል ሰፈር ያለች አንዲት ሴትዮማ፣ ማሳደግ ከብዶኛልና እርዱኝ ብላ በገዛ እግሯ ብትሄድ፣ ከከበደሽ እኛ እናሳድግልሽ ብለው ተቀበሏት። ይህችን ሴትዮ በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ የሚያውቋትን ሰዎች የሚያውቅ ግን ሞልቷል። ኢህሳንም የሰማችውን ሁሉ ማታ እራት ላይ ለባሏ ታወራለታለች፤ ልጆቹ አጠገቧ ቁጭ ብለው።

እንዲህ የፈራች ሴት ለልጆቿ እርዳታ ልትጠይቅ ቢሮ ባትሄድስ ትሉ ይሆናል። እስቲ ወተት ለለመደ የሦስት ዓመት ልጅ ይህንኑ ንገሩት።

በዲቪ ከመጡ ገና አራት ወራቸው ነው። ባሏ አብዱልናስር ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ይገፋል፤ የሚያገኘው ለቤት ኪራይ ይሄድና ፍሪጁ ባዶ ይቀራል። ትንሹ ጠልሀ ደግሞ ሳል ከያዘው ሰንብቷል፤ ልብሱ ሰፍቶታል። አብዱልናስር የሥራ ጓደኞቹን ጠይቆ፣ ለልጆች ምግብ የሚገዛበት ካርድ የሚሰጥ የካውንቲ፣ የአካባቢው መንግሥት፣ ቢሮ እንዳለ አረጋገጠ። ቀጠሮም ተያዘ።

«እንግዲህ ነገ ሄጄ ልጆቹን አስመዘግባቸዋለሁ» አለች ኢህሳን እራት ላይ።

«ብቻቸውን ነው አሉ የሚመዘግቧቸው» አለ አብዱልናስር። «እኔና አንቺ እዚህ አገር አምስት ዓመት ካልሞላን አንገባም። ልጆቹን ብቻ ነው የሚይዟቸው።»

«የሚይዟቸው ስትል?»

«ፋይል ላይ ነዋ! አንቺ ደግሞ።»

ስቆ ነገሩን ሊያቀለው ሞከረ፤ እሷ ግን ጠልሀን ወደ ራሷ ሳበችው። የስምንት ዓመቷ ኑሰይባ ማንኪያዋን አስቀምጣ አንዴ እናቷን አንዴ አባቷን አየች። ማንም ልብ አላላትም። ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ልጅ አይሰማም ብሎ የሚያስብ ሰው ልጅ ሆኖ አያውቅም ማለት ነው።

ሲነጋ በረዶ ጥሏል። ትምህርት ቤቱ ለመምህራን ስብሰባ ዝግ ስለሆነ ኑሰይባ ቤት ናት። ጠልሀን እያሳለ በዚያ ብርድ ይዞ መውጣት ደግሞ የማይታሰብ ነው። አብዱልናስር ገና በጨለማ ሥራ ሄዷል፤ አዲስ ሠራተኛ ከሥራ አይቀርም። ስለዚህ ኢህሳን መርካቶ ብትሆን የምታደርገውን አደረገች። ጎረቤት አንኳኳች።

ከፊት ለፊታቸው እትዬ እታለም ይኖራሉ። እዚህ አገር አስር ዓመት አልፏቸዋል፤ ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠርተው ጠዋት ይገባሉ። በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው በእንቅልፍ አብጦ ነበር።

«እትዬ፣ አንድ ቢሮ ደርሼ እስክመጣ እንደው ልጆቹን በዓይንዎ እያዩልኝ።»

«ውይ ልጄ፣ ምን ችግር አለ! ሂጂ። የሚፈልጉት ነገር ካለ ያንኳኩ።»

በቃ። መርካቶ ቢሆን ከዚህ በላይ ቃል አያስፈልግም። እዚያ ልጅ በዓይን እይልኝ የተባለች ጎረቤት ልጁን ቤቷ ማስገባት የለባትም። በሩ ክፍት ነው፣ ግቢውም አንድ ነው፤ ልብስ እያሰጣች ትጠራዋለች፣ ቢወድቅ ታነሳዋለች፣ ካጠፋም ትቆነጥጠዋለች። አውሮራ ግን በር ይቆለፋል፤ በግድግዳ አልፎ የሚያይ ዓይን ደግሞ ለማንም አልተሰጠም። እትዬ እታለም በራቸውን ዘግተው ተመልሰው ተኙ። ክፉ ሴት ሆነው አይደለም፤ ደክሟቸው ነው።

ኢህሳን ጫማዋን እያሰረች ለኑሰይባ ነገረቻት። «ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ። ሰንሰለቱን ከውስጥ አድርጊው። በአማርኛ ቢያናግሩሽም፣ እናትሽ ልካን ነው ቢሉሽም እንዳትከፍቺ። ጠልሀን ይዘሽ ድምፅ ሳታሰሚ ቁጭ በይ። እሺ?»

«እማ፣ ስማችንን ለምንድነው የምትሰጫቸው?»

«አሁን የዚህ ሰዓት ነው? አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው።»

ሁለቱንም ሳመቻቸው። ኑሰይባ እጇን ቶሎ አለቀቀቻትም፤ ኢህሳን አስለቅቃ ወጣች።

ቢሮው ሞቃት ነበር፤ የኢህሳን እጆች ግን አልሞቅ አሉ። የተቀበለቻት ሠራተኛ ወፍራም ሹራብ የለበሰች፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ፈገግታዋ ኢህሳንን ይበልጥ አስፈራት፤ እሷ በምታውቀው ቢሮ ያለ ምክንያት የሚስቅ ሠራተኛ አንድ ነገር የሚፈልግ ነው። ጠረጴዛው ላይ ስልክ ተቀምጧል፤ ከውስጡም የአስተርጓሚ ድምፅ ይወጣል። የት አገር ሆና እንደምታወራ የማትታወቅ አበሻ ሴት ናት።

ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የባል ሥራ እየተጠየቀ ሁሉም በሰላም ሄደ። ከዚያ አስተርጓሚዋ፣ «እርዳታው ለልጆቹ ብቻ ነው ትላለች። ፋይሉ ውስጥ የሚገቡት እነሱ ናቸው፤ እርስዎና ባለቤትዎ የላችሁበትም» አለች።

ሠራተኛዋ እንድታየው ብላ ኮምፒዩተሩን አዞረችላት። ኑሰይባ አብዱልናስር። ጠልሀ አብዱልናስር። ከበላያቸውም ከበታቻቸውም ማንም የለም፤ እናት የሌላቸው ልጆች ይመስላሉ። ኢህሳን ይህን ስታይ ተነስታ መሮጥ አማራት። ወላሂ፣ ስሞቹን በእጇ ጠርጋ ብታጠፋቸው ደስ ባላት ነበር። ግን ጨዋ ሴት ናትና ቁጭ አለች።

ሠራተኛዋ እንደገና ፈገግ ብላ አንድ ነገር ተናገረች።

«ልጆቹ አሁን የት ናቸው? ይዘዋቸው ቢመጡ ደስ ይለኝ ነበር ትላለች።»

«ቤት ናቸው።»

«ከማን ጋር?»

«ትልቋ ትንሹን ትይዘዋለች። ጎረቤትም በዓይናቸው ያዩልኛል።»

ስልኩ ዝም አለ። ዝምታው ከመርዘሙ የተነሳ ሠራተኛዋም ስልኩን አየት አደረገችው። ከዚያ ያ ድምፅ «እርስዎ» ማለቱን ትቶ ዝቅ አለ።

«እህቴ፣ እንዲህ ብዬ ልተርጉመው?»

ኢህሳን ክው አለች። የተናገረችው ነገር ምኑ እንደሚያስፈራ ገና አልገባትም፤ የሚያስፈራ ነገር እንደተናገረች ግን ገባት።

«አይ፣ አይ… ጎረቤት ቤት ናቸው በያት። እትዬ እታለም ቤት።»

ተተረጎመላት። ሠራተኛዋ ራሷን ነቅንቃ፣ እናንተን ባጣናችሁ ጊዜ እንድንደውልላቸው ብላ የጎረቤቲቱን ስልክ ጠየቀች። ኢህሳን ከሞባይሏ አውጥታ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ለማየት እዚያው ደወለች። ጠራ። ደግሞ ጠራ። እትዬ እታለም እንቅልፍ ላይ ናቸው፤ ማንም አላነሳም።

«ችግር የለም፣ በኋላ እንሞክራለን ትላለች» አለች አስተርጓሚዋ።

ለሌላ ሰው ይህ ተራ ንግግር ነው። ለኢህሳን ግን «በኋላ» ማለት እሷ አውቶቡስ ላይ ሳለች ማለት ነው፤ «እንሞክራለን» ማለትም መኪና አስነስተን እንሄዳለን ማለት ነው። ማመልከቻው ተጠናቋል፣ መልሱ በፖስታ ይመጣል ሲሏት እሺ፣ እሺ እያለች ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች።

አስራ አምስት ቁጥር ያን ቀን ይንፏቀቅ ነበር። በረዶው ኮልፋክስን ጭቃ አድርጎታል፤ በየፌርማታው የሚወርድም የሚወጣም አይጠፋም። አንዱ ጋ ሾፌሩ ተነስቶ ዊልቸር ላይ ያለ ሽማግሌ አስገባ፣ ቀበቶውን አሰረለት፣ አልጠበቀም ብሎ ፈታው፣ እንደገና አሰረው። እንጀራዋ ከዊልቸር የሚወጣ ሴት ያን ሽማግሌ ጠላችው። አስታግፊሩላህ አለችና መልሳ ጠላችው። ያ ረቢ፣ ካርዱም ይቅርብኝ፣ ምግቡም ይቅርብኝ፤ በሩን ስከፍት ብቻ ልጆቼን ላግኛቸው። አሁን አስተርጓሚዋ ለምን ዝም እንዳለች ገብቷታል። እዚህ አገር ልጅን ብቻውን ቤት ትቶ መውጣት ያስጠይቃል፤ የእትዬ እታለም ዓይንም በር ከተዘጋ በኋላ አይቆጠርም።

ግቢው ስትደርስ መኪና ማቆሚያው ላይ የፖሊስ መኪና ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም፤ ፖሊሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ለማን እንደመጣ አታውቅም፤ በዚያ ግቢ ፖሊስ የሚመጣበት ምክንያት አይጠፋም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ደረጃውን ወጣች።

ቁልፉ ዞረ። በሩ ጣት የሚያስገባ ያህል ተከፈተና ሰንሰለቱ ያዘው።

«ኑሰይባ።» መጮህ አልቻለችም፤ ታች ያለው ይሰማታል። «ኑሰይባ፣ እኔ ነኝ።»

ሰንሰለቱ ከውስጥ መያዙን እንኳ ረስታ ወስደዋቸዋል ስትል ሳል ሰማች። ሳሉ ጀመረና መሃል ላይ ታፈነ፤ ኑሰይባ አፉን ይዛበታለች። አልሃምዱሊላህ፣ ልጆቹ አሉ።

«ክፈቺልኝ ልጄ።»

«ከማን ጋር ነሽ?» ኑሰይባ ከበሩ ሥር ሆና ነው የምታወራው።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ፖሊሱስ? በመስኮት አይቼዋለሁ።»

«የኛ አይደለም። እኔ አላመጣሁትም።»

«አስመዘገብሽን?»

«አዎ የኔ እናት፣ አስመዘገብኳችሁ» አለች ኢህሳን፣ ደስ ይላታል ብላ።

በሩ ፊቷ ላይ ተዘጋ።

ያኔ ነው የገባት። ሊትልተን ያለችው ሴትዮ፣ «ብቻቸውን» የተባለው፣ «የሚይዟቸው» የተባለው፣ ሁሉም ልጅቷ ጆሮ ገብቷል። ልጅቷም ቁጭ ብላ አስባበት ጨርሳለች፤ እናቷ ስማቸውን ይዛ የሄደችው ልትሰጣቸው ነው። ኢህሳን ቀኑን ሙሉ «እነሱ» ቀድመዋት እንዳይደርሱ ስትሮጥ ነበር፤ ኑሰይባ ግን በሩን የዘጋችው በእሷ ላይ ነው። ኢህሳን መፍራትን ለምዳዋለች። ልጇ ስትፈራት ግን አይታ አታውቅም። ኮሪደሩ ላይ፣ እርጥቡ ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ኑሰይባዬ» አለች አፏን በሩ ላይ አስጠግታ። «ለምግብ ነው። ለጠልሀ ወተት፣ ላንቺም ያን የምትወጂውን ሲሪያል። ማንም አይወስዳችሁም። ወላሂ ለማንም አልሰጣችሁም። ስሚኝ እንጂ ልጄ።»

ከውስጥ የሚጎተት ነገር ሰማች፣ ከዚያ የቁም ሳጥን በር ሲዘጋ፣ ከዚያም ዚፕ። ቆይቶ ሰንሰለቱ ወረደ።

ኑሰይባ ወጣች። ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች፤ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አጥልቃለች፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አዝላለች። በሩን ከኋላዋ ስባ ዘጋችውና ጀርባዋን አስደገፈችበት። እናቷን አላየቻትም። ፖሊሱ ይወጣበታል ወዳለችው ደረጃ ዞራ፣ ትምህርት ቤት በለመደችው እንግሊዝኛ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ኦንሊ ሚ። ኖ ብራዘር። ኦንሊ ሚ።»

ኢህሳን ልታቅፋት ተንበረከከች። ከበሩ በስተጀርባ፣ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ጠልሀ አሳለ።

ኑሰይባም ሳሉ የሷ እንዲመስል አፏን በመዳፏ ይዛ ትስል ጀመር።